ንጉሡ ዘውዱን ብቻ ደፍቶ

በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሰፎክ ውስጥ፣ ዌንሃስተን የምትባል መንደር አለች። በቅዱስ ጴጥሮስ ስም የተሠራ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን አላት። በመካከለኛው ዘመን እንዲህ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ሕዝቡ የሚቆምበትን ስፍራና መቅደሱን የሚለየው ከእንጨት የተሠራ መለያ ነበር። ከላዩ የተቀረጸ የጌታ ስቅለት ይቆማል፤ በግራና በቀኙ እመቤታችንና ቅዱስ ዮሐንስ ወንጌላዊ። በዌንሃስተን ከስቅለቱ ኋላ፣ በሳንቃ ላይ፣ የፍርድ ቀን ተሥሏል። ወደ መቅደሱ ቀና ያለ ሰው ፍርዱን የሚያየው በመስቀሉ በኩል ነው።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕልና ቅርጽን የሚቃወመው የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መጣ። ቅርጾቹ ተነሡ፤ ሥዕሉ ኖራ ተቀባ። እ.ኤ.አ. በ1892 ቤተ ክርስቲያኑ ሲታደስ ሳንቃዎቹ እንደ ማገዶ ግቢ ውስጥ ተጣሉ። ሌሊት ዝናብ ዘነበ። ኖራው ታጠበና ሥዕሉ ብቅ አለ። ዛሬም እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አለ።

እዚያ ላይ ቅዱስ ሚካኤል ነፍሳትን በሚዛን ይመዝናል፤ ዲያብሎስ አጠገቡ ቆሟል። ቅዱስ ጴጥሮስ ፊት ደግሞ ንጉሥና ጳጳስ ራቁታቸውን ቆመዋል። ንጉሡ ዘውዱን፣ ጳጳሱ አክሊሉን ብቻ ደፍተዋል። ሌላ ምንም የላቸውም! «ራቁቴን ከእናቴ ማኅፀን ወጥቻለሁ፥ ራቁቴንም ወደዚያ እመለሳለሁ» ያለው ኢዮብ ነው። ልጆቹንና ሀብቱን አጥቶ ነው ያለው። እኛ ግን ቃሉን ለቅሶ ቤት ተናግረን ስንወጣ እንረሳዋለን።

ወገኖቼ፣ በኅዳር ሚካኤል ያየሁት አሳዘነኝ። አንዲት እናት ከወንበር ተነሡ፤ ለአንድ ባለሀብት ቦታ ተፈለገ። እኒያ እናት ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመው አስቀደሱ። ሐዋርያው ያዕቆብ ባለ ወርቅ ቀለበቱን በክብር አስቀምጣችሁ ድሀውን «ቁም» ካላችሁ አድልታችኋል ይላል። ምን ዓይነት ድፍረት ነው? ያንን ባለሀብት የሚመዝነው ሚዛን የባንክ ደብተር አይቀበልም። እኛንም አስተናጋጆቹን ይመዝነናል።

የተጨነቀ ሰው ደግሞ ይህን ይስማ። በዚያው ሥዕል ላይ እመቤታችንና መጥምቁ ዮሐንስ በፈራጁ ፊት ተንበርክከው ይለምናሉ። ሠዓሊው ሲኦልን ሥሎ አላበቃም። የስቅለቱም ቅርጽ ከተነሣ በኋላ ቦታው ያለ ቀለም ቀርቷል፤ ሠዓሊው በዙሪያው ነበርና የሣለው። የፍርዱ ሥዕል መሐል ላይ ዛሬም የመስቀል ቅርጽ ይታያል።

ስለዚህ ለንስሓ የሚቀጥለውን በዓል አንጠብቅ። የንስሓ አባቱ ስልክ የጠፋበትም ካለ ሰበካ ጉባኤውን ይጠይቅ።