ኮፓይለት እና ሪኮል፦ በዊንዶውስ 11 ላይ የሚወራውና እውነታው

ማይክሮሶፍት ኮፓይለት የተባለውን የኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ረዳት ዊንዶውስ 11 ውስጥ ማስገባት የጀመረው በሴፕቴምበር 2023 ነው (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ረዳቱ ታስክባር ላይ፣ ኖትፓድ ውስጥ፣ ፔይንት ውስጥ፣ ኪቦርዱ ላይ ሳይቀር ቦታ ይዟል። ሳይጠየቅ የገባበት ሰው ተቆጥቷል፤ ቁጣውም ተገቢ ነው። ችግሩ ብዙዎች አንዱን ከሌላው ሳይለዩ መቆጣታቸው ነው። ኮፓይለትን አጥፍተው ሪኮልን፣ ማለትም ኋላ ፈልጋችሁ እንድታገኙት ስክሪናችሁን ፎቶ እያነሳ የሚያስቀምጠውን የዊንዶውስ ክፍል፣ ያጠፉ የሚመስላቸው አሉ፤ ከኢንተርኔት ያገኙትን ስክሪፕት አሂደው ኮምፒውተራቸውን የሚያበላሹም አሉ።

«ኮፓይለት ስክሪኔን ሁልጊዜ እያየ ነው»

አይደለም። ኮፓይለት አፕ ነው። የጻፋችሁለትን ጥያቄ ወይም የሰጣችሁትን ፋይል ወደ ማይክሮሶፍት ሰርቨር ይልካል፣ መልሱም ከዚያው ይመጣል፤ ኢንተርኔት ከሌለ አይመልስም። ስክሪን የሚያየው ኮፓይለት ቪዥን የሚባለው ክፍሉ ሲሆን፣ እሱም የመነጽር ምልክቱን ራሳችሁ ነክታችሁ መስኮት ስታጋሩት ብቻ ነው የሚሠራው።

በየጥቂት ሰከንዱ ስክሪኑን ፎቶ የሚያነሳው ሪኮል ነው። ያነሳቸው ፎቶዎች ግን ከኮምፒውተሩ አይወጡም። ስለዚህ ጥንቃቄውም ይለያያል። ኮፓይለት ላይ የሚያሳስበው እናንተ የምትልኩለት ነገር ነው፤ ሪኮል ላይ የሚያሳስበው ኮምፒውተራችሁን የሚከፍት ሰው ነው። ከኮፓይለት ጋር የምታደርጉት ውይይት ለሞዴል ማሠልጠኛ እንዳይውል ከፈለጋችሁ፣ አፑ ውስጥ ስማችሁን ተጭናችሁ ፕራይቬሲ ውስጥ ግቡና የሞዴል ትሬይኒንግ ምርጫውን ዝጉት።

«ሪኮል ላፕቶፔ ውስጥ ተደብቆ እየቀዳ ነው»

ሪኮል የሚሠራው ኮፓይለት ፕላስ ፒሲ በሚባሉት ኮምፒውተሮች ላይ ብቻ ነው። እነዚህ ገበያ ላይ የወጡት በጁን 2024 ነው። ቢያንስ 40 ቶፕስ (በሰከንድ 40 ትሪሊዮን ስሌት) አቅም ያለው ኤንፒዩ፣ ማለትም ለኤአይ ስሌት የተሠራ ቺፕ፣ 16 ጊጋባይት ራም እና 256 ጊጋባይት ማከማቻ ያስፈልጋቸዋል። ከዚያ በፊት የተሠራ ላፕቶፕ፣ ያገለገለም ይሁን አዲስ፣ ይህን አያሟላም።

ለማረጋገጥ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ሲከፈት ፐርፎርማንስ የሚለውን እዩ። ኤንፒዩ የሚል ከሌለ ሪኮል አይሠራም፣ በቃ። ካለም ገና አታስቡ፤ የመጀመሪያዎቹ የኢንቴል ኮር አልትራ ፕሮሰሰሮች ኤንፒዩ ቢኖራቸውም አቅሙ 11 ቶፕስ አካባቢ ስለሆነ አይበቃም። የመጨረሻው ማረጋገጫ ሴቲንግስ ውስጥ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ ስር ነው፤ ሪኮል ኤንድ ስናፕሾትስ የሚል ገጽ ካገኛችሁ ኮምፒውተራችሁ አቅሙ አለው ማለት ነው። ቢኖረውም ራሳችሁ ካላበራችሁት አይቀዳም።

«ጩኸቱ ቴክኖሎጂ የሚፈሩ ሰዎች ጩኸት ነው፣ ለውጥም አላመጣም»

ይህ ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው። ሪኮል ሜይ 20 ቀን 2024 ሲታወጅ ሳይጠየቅ በርቶ እንዲመጣ ነበር የታቀደው። ፎቶዎቹ ተራ ፎልደር ውስጥ፣ ከእነሱ የተለቀመው ጽሑፍ ደግሞ ተራ ዳታቤዝ ውስጥ ነበር የሚቀመጡት። ዲስኩ ኢንክሪፕት ቢደረግም (ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ ቢመሰጠርም)፣ ተጠቃሚው አንዴ ከገባ በኋላ በእሱ አካውንት የሚሄድ ማንኛውም ፕሮግራም ሊያነበው እንደሚችል የደኅንነት ባለሙያዎች በተግባር አሳዩ። ማለትም አንድ ተራ ቫይረስ የወራት ታሪካችሁን በአንድ ጊዜ ጠራርጎ መውሰድ ይችል ነበር።

ማይክሮሶፍት ጁን 7 ላይ ሪኮል ተጠቃሚው ፈቅዶ ካላበራው እንደማይሠራ አስታወቀ። በሳምንቱ ደግሞ ከኮፓይለት ፕላስ ፒሲዎች የጁን 18 ሽያጭ መጀመሪያ አወጣው። ሙከራው በኖቬምበር ተጀምሮ ለሕዝብ የተለቀቀው በኤፕሪል 2025 ነው። በዚህ መሃል ዳታው ኢንክሪፕት ተደረገ፣ ለመክፈት ዊንዶውስ ሄሎ (በፊት፣ በጣት አሻራ ወይም በፒን ማንነትን ማረጋገጫው) ግዴታ ሆነ፣ ሪኮልን ከነጭራሹ ማስወገድም ተቻለ። ይህን ሁሉ ያመጣው የተጠቃሚና የባለሙያ ጩኸት ነው። የጮኹትም የሚሠራበትን መንገድ አጥንተው ነው።

«አሁን ኢንክሪፕት ስለሆነ ስጋት የለም»

ሪኮልን ስታበሩ የጣት አሻራ ወይም ፊት ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ ግን ዊንዶውስ ሄሎ ፒንንም ይቀበላል። አንድ ላፕቶፕ ለቤተሰቡ ሁሉ በሚያገለግልበት ቤት ፒኑን የማያውቅ ማን አለ? ያን ቁጥር የሚያውቅ ሰው ባለቤቱ ባለፉት ሳምንታት ያየውን ማገላበጥ ይችላል።

ሌላው ጉዳይ ያልፈቀደው ሰው ነው። እናንተ ሪኮልን አብርታችሁ ከጓደኛችሁ ጋር ብትጻጻፉ፣ የእሱ መልእክት ሳይጠየቅ እናንተ ጋር ይቀመጣል፤ እንዲጠፋ የተላከ መልእክትም ቢሆን ፎቶው ይቀራል። የመልእክት መለዋወጫው ሲግናል በሜይ 2025 በዊንዶውስ 11 አፑ ላይ የስክሪን ፎቶን የከለከለው ለዚህ ነው። ብሬቭ ብሮውዘርም በጁላይ ሪኮልን አገደ።

እኛን በተለይ የሚመለከት አንድ ነጥብ አለ። ሪኮል የተዘጋጀው ለስድስት ቋንቋዎች ነው፦ እንግሊዝኛ፣ ቻይንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛ፣ ጃፓንኛና ስፓኒሽ። አማርኛ የለበትም። በአማርኛ የተጻፈ ነገር በፍለጋ ላይገኝ ይችላል፣ ፎቶው ግን ያው ይነሳል። የይለፍ ቃልና የካርድ ቁጥር ለመለየት የተሠራው ማጣሪያም በአማርኛ ገጽ ላይ እንዲያድናችሁ አትጠብቁ። የባንክ አፕና ዌብሳይት ካላችሁ በስም ለይታችሁ በሪኮል ገጽ ላይ ከሚቀዳው አስወጧቸው።

ጭራሹን ካልፈለጋችሁት መጀመሪያ በዚያው ገጽ ያሉትን ስናፕሾቶች (የተነሱትን ፎቶዎች) ሁሉ ሰርዙ። ከዚያ ስታርት ላይ «ተርን ዊንዶውስ ፊቸርስ ኦን ኦር ኦፍ» ብላችሁ ፈልጉ፣ ሪኮል አጠገብ ያለውን ምልክት አንሱና ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉ።

«ኮፓይለትን ማጥፋት ዊንዶውስን ያበላሻል»

በማርች 2025 የወጣ አንድ አፕዴት በስህተት ኮፓይለትን ከአንዳንድ ኮምፒውተሮች ላይ አንስቶት ነበር። ኮምፒውተሮቹ ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ብዙ ተጠቃሚም ደስ አለው። ለማጥፋት ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ ከዚያ ኢንስቶልድ አፕስ ገብታችሁ ኮፓይለት አጠገብ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጫኑና አንኢንስቶል በሉት። ኤጅ ብሮውዘር ውስጥና ኖትፓድ ውስጥ ያለው ግን አብሮ አይጠፋም፤ በየራሳቸው ሴቲንግስ ይዘጋል። ከትልቅ አፕዴት በኋላ ተመልሶ እንደሆነም አረጋግጡ።

የሚያበላሸው «ኤአይን ሁሉ ከዊንዶውስ አጥፋ» የሚል ስክሪፕት ነው። አንዳንዶቹ ዌብቪው 2ን፣ ማለትም አፖች የዌብ ገጽ የሚያሳዩበትን የዊንዶውስ ክፍል፣ አብረው ይነቅላሉ። ቲምስና አዲሱ አውትሉክ የቆሙት በእሱ ላይ ስለሆነ በማግስቱ አይከፈቱም፤ ሰውም ምክንያቱን ሌላ ቦታ ሲፈልግ ይውላል።

«ኮምፒውተሬ የዘገየው ኤአዩ ውስጡ ስለሚያስብ ነው»

የኮፓይለት ሞዴል የሚሠራው ሰርቨር ላይ ነው። ራም የሚበላው አፑ ራሱ ነው፤ 4 ወይም 8 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን ላይ ይህ ይሰማል። ታስክ ማናጀር ውስጥ ስታርትአፕ አፕስ ላይ ኮፓይለትን ዲሴብል አድርጉት።

«የኮፓይለት ቁልፉን መቀየር አይቻልም»

ይቻላል። ሴቲንግስ መፈለጊያው ላይ «ከስተማይዝ ኮፓይለት ኪ» ብላችሁ ሌላ ሥራ ስጡት። ብዙዎችን ያናደደው በብዙ ላፕቶፖች ላይ የቀኙን ኮንትሮል ቦታ መውሰዱ ነው። ፓወርቶይስ በሚባለው የማይክሮሶፍት ነጻ መሣሪያ ውስጥ ያለው ኪቦርድ ማናጀር ወደ ኮንትሮል ሊመልሰው ይሞክራል። ቁልፉ ግን በውስጡ የሚልከው ሺፍት፣ ዊንዶውስና ኤፍ 23ን አንድ ላይ ስለሆነ፣ ተጭናችሁ ስትይዙት እንደ እውነተኛው ኮንትሮል ሁልጊዜ አይታዘዝም።

«ማክ ብገዛ እገላገላለሁ»

የአፕል ኤአይ የሆነው አፕል ኢንተለጀንስ ኤም 1 ቺፕ እና ከዚያ በላይ ባላቸው ማኮች ላይ አለ። ከማክኦኤስ 15.3 ጀምሮ አዲስ ማሽን ሲዘጋጅ በርቶ ይመጣል። በሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ በአንድ ቁልፍ ይዘጋል።

«ኤጀንቶቹ ፋይሎቼን መንካት ጀምረዋል»

በኖቬምበር 2025 የዊንዶውስ ኃላፊው ሲስተሙ ወደ «ኤጀንቲክ» (ኤአይ ተጠቃሚውን ወክሎ ራሱ ሥራ ወደሚሠራበት) እየተለወጠ ነው ብለው ሲጽፉ የተቃውሞው ጎርፍ ወረደባቸው። ይህ ችሎታ ግን የሙከራ ነው፣ ተዘግቶም ነው የሚመጣው። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ኤአይ ኮምፖነንትስ ውስጥ ይገኛል። አደጋውን ማይክሮሶፍት ራሱ ጽፎታል፦ አንድ ሰነድ ውስጥ የተደበቀ ጽሑፍ ለኤጀንቱ ትእዛዝ ሆኖ ሊያሳስተው ይችላል። ማብራት የሚችለው አድሚን ብቻ ነው፤ አንዴ ሲበራ ግን በዚያ ኮምፒውተር ላይ ላለ ተጠቃሚ ሁሉ ይበራል። ኮምፒውተሩን ከሌላ ሰው ጋር የምትጋሩ ከሆነ የአድሚን ፓስዎርዱ ማን እጅ እንዳለ ዛሬውኑ እወቁ።