ፌዝ ምንድን ነው?

ስሙ ራሱ ያስቃል። በአማርኛችን ፌዝ ማለት ቧልት ነው። በኤሌክትሪክ ሠራተኛ አፍ ግን ፈጽሞ የማይቀለድበት ገመድ ነው።

ከቆጣሪ ወደ አብዛኛው መኖሪያ ቤት ከሚገቡት ሁለት ገመዶች አንዱ ፌዝ፣ ሌላው ኒውትራል ይባላል። ኮረንቲ በሁለቱም ያልፋል። ግን ኒውትራሉ ትራንስፎርመሩ ጋ ከመሬት ጋር ታስሯል። ፌዙ አልታሰረም፤ ከመሬት ጋር ሲለካ 220 ቮልት ገደማ ነው። እግራችን መሬት ላይ ሆኖ እጃችን ፌዝ ከነካ፣ ኮረንቲው ወደ መሬት የሚሄደው በእኛ በኩል ነው።

ማብሪያ ማጥፊያ ሊቀይር ካቻቪቴ ያነሳ ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሽፋኑን ሲፈታ ሁለት ገመድ ያያል። «አንዱ ፌዝ፣ አንዱ ኒውትራል» ይላል። እኔም ለዓመታት እንደዛ ነበር የሚመስለኝ። ማብሪያ ማጥፊያ ግን በፌዙ መንገድ ላይ የተተከለ በር ነው። አንዱ ገመድ ከብሬከር (የቤቱን መስመር ከሚያጠፋው ማጥፊያ) የመጣ ፌዝ ነው። ሌላው ወደ አምፖሉ ይሄዳል፤ ሲበራ እሱም ፌዝ ይሆናል። ኒውትራሉ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ድርሽ አይልም፤ በቀጥታ አምፖሉ ጋ ይደርሳል። ከማብሪያ ማጥፊያው ሁለት ገመድ ወስዶ ሶኬት ልቀጥል ያለ ሰው ለምን እንደማይሠራለት አሁን ገባችሁ።

ቀለሙስ አይነግረንም? ደንቡ ቢከበር ይነግረን ነበር። በአውሮፓው ሥርዓት ቡናማ ፌዝ፣ ሰማያዊ ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫ የመሬት ገመድ ነው። በድሮው የእንግሊዝ አሠራር ጥቁር ኒውትራል ነበር፤ አሜሪካ ግን ጥቁሩ ፌዝ ነው። ዋሽንግተን የምትኖሩ፣ «ነጭ ስለሆነ ኒውትራል ነው» አትበሉ። በቆዩ ቤቶች ማብሪያ ማጥፊያው ጋ ያለው ነጭ ገመድ ፌዝ ተሸክሞ ሊገኝ ይችላል። እኔ የተከራየሁት ቤት ደግሞ ሁሉም ቀይ ነው። ሠራተኛው የተረፈውን ጥቅልል ነው የጨረሰው።

ስለዚህ መለየት ያለበት በቴስተር ነው፤ ፌዝ ሲነካ ውስጡ ያለች ትንሽ አምፖል የምትበራ፣ ካቻቪቴ መሳይ መሣሪያ። መጀመሪያ ቴስተሩን የሚሠራ ሶኬት ላይ ሞክሩት። ብሬከሩን አጥፉ፣ መጥፋቱን በቴስተር አረጋግጡ፣ ፎቶ አንሱ፣ ከዚያ ገመዶቹን ፈትታችሁ ጫፋቸውን አራርቁ። በአንድ ቀዳዳ ሁለት ገመድ አብረው ከገቡ አትለያዩአቸው፤ አንዱ ፌዙን ወደ ሌላ ክፍል የሚያሻግር ሊሆን ይችላል። ብሬከሩን መልሱና ገመዶቹን በእጃችሁ ሳትነኩ በቴስተሩ ጫፍ ብቻ እያንዳንዱን ሞክሩ። ደምቆ ያበራው ገቢው ፌዝ ነው። ብሬከሩን እንደገና አጥፉና በናስትሮ ምልክት አድርጉበት።

ሰፈሩ መብራት ሲጠፋ «ጥሩ ጊዜ ነው» ብሎ ሥራ የሚጀምር አለ። መብራት ሲመለስ አንኳኩቶ አይመጣም። ብሬከሩ ይጥፋ።

ቴስተርም ይዋሻል። ውስጡ ያለችው ትንሽ አምፖል የምትበራው በጣም ጥቂት ኮረንቲ በሰውነታችን አልፎ መሬት ሲደርስ ነው። የእንጨት ወንበር ላይ ከቆማችሁ ፌዝ ነክቶም ሊደበዝዝ ይችላል። በተቃራኒው ከፌዝ ጎን ለጎን የተዘረጋ፣ ከፌዝ ጋር ያልተገናኘ ገመድ ላይ ፈዘዝ ብሎ ሊበራ ይችላል። ሲያጠራጥራችሁ መልቲሜትር (ቮልቱን በቁጥር የሚያሳይ መለኪያ) ይሻላል፤ ገመዶቹ ከሁለት በላይ ሆነው ግራ ካጋቡ ደግሞ ባለሙያ።

አንድ ነገር ቀረ። አንዳንድ ቤት ማብሪያ ማጥፊያው የተተከለው ፌዙ ላይ ሳይሆን ኒውትራሉ ላይ ነው። መብራቱ ይበራል፣ ይጠፋል፤ ማንም አያውቅም። ግን ማብሪያ ማጥፊያው ጠፍቶም አምፖሉ ጋ ፌዙ አለ። አምፖል ሊቀይር የወጣ ሰው «አጥፍቼው ነበር እኮ!» የሚለው ያኔ ነው። የሳሎኔ መብራት እንደዛ ሆኖ ተገኘ፤ ስንት ጊዜ አምፖል ቀይሬበታለሁ መሰላችሁ።