የጎረምሳ አንጎል "ገና አልበሰለም" ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ ጎረምሳ ማሰብ አይችልም ማለት ይመስለዋል፣ እንደዛ አይደለም። በመጠን ከሆነ አንጎል 6 ዓመት አካባቢ ላይ የአዋቂውን 90 በመቶ ያክላል፣ ከዛ በኋላ ዋናው ስራ ሽቦ ማስተካከል በሉት፣ የማይጠቀምበትን የነርቭ ሴሎች ግንኙነት ይቆርጣል የሚጠቀምበትን ደግሞ ማየሊን በሚባል ቅባታማ ነገር ይሸፍንና መልእክቱ እንዲፈጥን ያደርጋል።

ታዲያ እድሳቱ ሁሉም ጋ እኩል አይደርስም። ስሜትና ደስታ ላይ የሚሰራው ክፍል ጉርምስና ሲመጣ ቶሎ ይነቃል፣ ከግንባር ጀርባ ያለው "ቆይ እስቲ" የሚለው ክፍል፣ ፕሪፍሮንታል ኮርቴክስ፣ ግን እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ገና እየተሰራ ነው (25 ሲሞላ ቀጭ ብሎ የሚበራ ማብሪያ ማጥፊያ ነገር የለም፣ ሰው ሰው ይለያያል)።

ለዛ ነው ያው የ15 ዓመት ልጅ ብቻውን ተረጋግቶ ከባድ ሂሳብ ሲሰራ ቆይቶ፣ ማታ ጓደኞቹ "ዝለል! ዝለል!" ሲሉት ግን ከአጥር ላይ የሚዘለው። አደጋውን ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም፣ እንደውም ጠይቁት በደንብ ያስረዳችኋል። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ የመኪና ጌም ሙከራ ላይ ጎረምሶቹ ጓደኛ አጠገባቸው ሲሆን የሚወስዱት ሪስክ በጣም ጨመረ፣ አዋቂዎቹ ግን ጓደኛ ኖረ አልኖረ ብዙም አልተለወጡም።

እንቅልፉንም ስንፍና አትበሉት ባይ ነኝ፣ ሜላቶኒን የሚባለው እንቅልፍ የሚጠራ ሆርሞን በዚህ እድሜ ማታ ዘግይቶ ነው የሚለቀቀው፣ በጊዜ ተኛ ብትሉትም ዓይኑ አይከደንለትም።