ሃርሊ ኤርል፦ የመኪና ዲዛይነርን ከአለቆች ተርታ ያስቀመጠ ሰው

ሃርሊ ኤርል (እ.ኤ.አ. 1893–1969) የጄኔራል ሞተርስን የዲዛይን ክፍል ከሠላሳ ዓመት በላይ የመራ አሜሪካዊ ነው። ከእሱ በፊት በትልልቅ ፋብሪካዎች የመኪና መልክ በአብዛኛው የሚወሰነው በመሐንዲሶች ነበር፤ ውበት ከሁሉም በኋላ የሚታሰብ ነገር ነበር።

የተወለደው ካሊፎርኒያ ነው። አባቱ ሠረገላ ሠሪ ነበሩ፤ ዘመኑ ሲለወጥ ወደ መኪና አካል ሥራ ገቡ። ልጅየው ለሆሊውድ ተዋንያን መኪና እየሠራ ስም አወጣ። ትልቁ ብልሃቱ ግን ጭቃ ነበር። ሞዴል የሚሠራበት ጭቃ ሞቅ ተደርጎ በእንጨት አጽም ላይ ይለጠፋል፤ ሲጠጥር በመፋቂያ ይላጋል። ፓራፋንጎው ከኮፈኑ ጋር የሚገናኝበት መስመር ዓይን ካልሞላ፣ እዚያው ላይ ጭቃ ጨምሮ ወይም ፍቆ ማስተካከል ይቻላል። በእንጨትና በቆርቆሮ ግን እያንዳንዱ ለውጥ አዲስ ሥራ ነው። ዛሬም ኮምፒውተር ባለበት ዘመን ብዙ ፋብሪካዎች መኪናውን በሙሉ መጠኑ በጭቃ ሠርተው ሳያዩ አይወስኑም።

የጄኔራል ሞተርስ አንዱ ክፍል የሆነው የካዲላክ ኃላፊ ሎረንስ ፊሸር ይህን አሠራር አይቶ ወደ ዲትሮይት ጠራው። እ.ኤ.አ. በ1927 የወጣችው፣ እሱ የነደፋት ላሳል የተባለች መኪና ስለተወደደችለት፣ የኩባንያው ፕሬዚዳንት አልፍሬድ ስሎን በዚያው ዓመት «የሥነ ጥበብና የቀለም ክፍል» የሚባል ቢሮ አቋቁሞ ሰጠው። በ1940 ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ሹመት ይመስለኛል፤ ንድፍ አውጪ ከመሐንዲስና ከሒሳብ ሹም ጋር እኩል ተቀምጦ መከራከር የቻለው በዚህ ነው።

በ1938 የተሠራችው ቡዊክ ዋይ ጆብ ለሽያጭ ሳይሆን ለሙከራ የታሰበች ነበረች፤ የፊት መብራቶቿ ይደበቃሉ፣ መስኮቶቿ በኤሌክትሪክ ይከፈታሉ። ኤርል ራሱ ለዓመታት ነድቷታል። ፒ-38 ከተባለው የጦር አውሮፕላን ጭራ የተወሰደው፣ በመኪናው ኋላ ሽቅብ የሚቆመው ክንፍ በ1948ቱ ካዲላክ ላይ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ እያደገ ሄዶ በ1959 ከልክ አለፈ። የስፖርት መኪናዋ ኮርቬት በ1953 ኒው ዮርክ ላይ ለሕዝብ ታየች፤ አካሏ ፋይበርግላስ ነበር፣ በመጀመሪያው ዓመትም 300 ብቻ ተሠሩ።

ኤርል በ1958 መጨረሻ ጡረታ ሲወጣ ወንበሩን ራሱ ያሳደገው ቢል ሚቸል ተረከበ፤ እስከ 1977ም ቆየበት።