«ኔትወርክ ነው» አትበሉኝ

ባንክ ሄዳችሁ፣ ተራ ጠብቃችሁ፣ መስኮቱ ጋ ስትደርሱ «ሲስተም የለም» ስትባሉ ደማችሁ ይፈላል አይደል? እኛ ሶፍትዌር ሠሪዎቹም ያው ነን። ቃሉን ብቻ ነው የቀየርነው። «ኔትወርክ ነው» እንላለን። አፑ ሲንቀራፈፍ ኔትወርክ ነው። ኤፒአዩ፣ ፕሮግራም ከፕሮግራም የሚጠያየቅበት መስኮት፣ መልስ ሲነፍገን ኔትወርክ ነው። የሰርተፊኬቱ፣ የሰርቨሩ መታወቂያ ማለት ነው፣ ጊዜ ያለፈ ቀንም ኔትወርክ ነው። አለቃም ደንበኛም ራሱን ነቅንቆ ይቀበለናል። ኔትወርክን ማማት ዝናብን እንደማማት ነው፤ ማንም አይጠየቅበትም።

እኔ ግን ሰለቸኝ።

አንድ ፕሮግራም ከሩቅ ሰርቨር ጋር ሲነጋገር አራት ነገር በተራ ይሆናል። መጀመሪያ ስሙ ወደ ቁጥር አድራሻ ይቀየራል፤ ዲኤንኤስ የምንለው። ቀጥሎ በአድራሻውና በፖርቱ (የአገልግሎቱ በር ቁጥር) ግንኙነት ይከፈታል፤ ይሄ ቲሲፒ ነው። ከዚያ ሰርቨሩ ማንነቱን ያሳያል፣ ንግግሩም ይመሰጠራል፤ ስሙ ቲኤልኤስ ነው፣ ብዙዎቻችን ግን እስከ ዛሬ በድሮ ስሙ ኤስኤስኤል እንለዋለን። በመጨረሻ ጥያቄው ይሄዳል፣ መልሱ ይመጣል። «ኔትወርክ ነው» የሚል ሰው ነገሩ ከአራቱ የትኛው ላይ እንደቆመ አላየም ማለት ነው። የሚያናድደው ደግሞ ኤረሩ፣ የስህተት መልእክቱ፣ ራሱ ብዙ ጊዜ ይነግረዋል። አያነበውም እንጂ። ከዚህ በታች በጥቅስ የማስቀምጣቸው በየጊዜው የምሰማቸው አባባሎች ናቸው።

«ፒንግ አያደርግም፣ ስለዚህ ሰርቨሩ ሞቷል»

ፒንግ ማሽኑን «አለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ትእዛዝ ነው፤ የሚልከውም አይሲኤምፒ የሚባል መልእክት ነው። የእናንተ ኤፒአይ የሚሠራው ፖርት 443 ላይ ነው። ሁለቱ አይገናኙም። ብዙ ሰርቨር ፒንግን ሆን ብሎ ይዘጋል፤ አማዞን ላይ አዲስ ማሽን ብትከፍቱ ራሳችሁ ካልፈቀዳችሁለት ለፒንግ መልስ አይሰጥም። ሰው ቤት ውስጥ አለ፣ ደወሉ ነው የተነቀለው። ፒንግ የመለሰ ሰርቨርም ዌብሳይቱ ይሠራል ማለት አይደለም። የምትፈልጉትን ፖርት ሞክሩ፣ በቃ።

«ሪፊውዝድም አለ ታይምአውት፣ ያው አልተገናኘም»

ያው አይደለም! «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ማለት በአብዛኛው መልእክታችሁ እዚያ ድረስ ሄዶ ማሽኑ «እዚህ ፖርት ላይ ማንም የለም» ብሎ መልሶላችኋል ማለት ነው። ያ መልስ እናንተ ጋ የደረሰው እኮ በዚያው በምታሙት ኔትወርክ ነው። ችግሩ ወይ ሰርቪሱ አልተነሳም፣ ወይ ፖርቱ ተሳስቷል፣ ወይ ሰርቪሱ 127.0.0.1 ላይ ብቻ፣ ማለትም ከራሱ ማሽን የሚመጣውን ብቻ፣ ነው የሚያዳምጠው። ታይምአውት ግን ዝምታ ነው። መንገድ ላይ ፋየርዎል (የኔትወርኩ ዘበኛ) ውጦት ይሆናል፣ አድራሻው የተሳሳተ ይሆናል፣ ማሽኑም ጠፍቶ ይሆናል። አንዱ ሰርቨሩ ላይ ያስገባችኋል፣ ሌላው መንገዱን ያስፈትሻችኋል።

ዶከር፣ ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል ሳጥን ለይቶ የሚያስሮጠውን፣ የጀመሩ ልጆች ደግሞ አንድ ነገር ይያዙልኝ። ኮንቴይነር ውስጥ ሆናችሁ «ሎካልሆስት» ስትሉ የጠራችሁት ኮንቴይነሩን ራሱን ነው። ዳታቤዙ ሌላ ኮንቴይነር ውስጥ ከሆነ በስሙ ጥሩት። ይህን ብቻ ለማስረዳት ስንት ምሳ ሰዓቴን እንደበላሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

«ዲኤንኤስ ለመቀየር 48 ሰዓት ይፈጃል»

የአንድን ስም አድራሻ ለመቀየር አይፈጅም። የድሮው መልስ መሸጎጫ ውስጥ የሚቆየው በአብዛኛው እናንተው በጻፋችሁለት ጊዜ (ቲቲኤል) ልክ ነው። ለውጡ ነገ ከሆነ ያንን ጊዜ ዛሬ 300 ሰከንድ አድርጉት።

«የተከፈለበት ሰርተፊኬት ይበልጥ ይመሰጥራል»

ውሸት ነው። ምስጠራው ከዋጋው ጋር ምንም አያገናኘውም። ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ድርጅት በነፃ የሚሰጠው የ90 ቀን ሰርተፊኬትና ዶላር የተከፈለበቱ እኩል ይመሰጥራሉ። «እኔ በዓመት አንዴ ገዝቼ እገላገላለሁ» የሚሉም አሉ። ጊዜው እያጠረባቸው ነው። ከ2020 መስከረም ጀምሮ የአንድ ሰርተፊኬት ዕድሜ ጣሪያ 398 ቀን ነበር፤ በ2026 መጋቢት ወደ 200፣ በ2027 ወደ 100፣ በ2029 ወደ 47 ቀን እንዲወርድ ሰርተፊኬት ሰጪዎቹና ብሮውዘሮቹ ተስማምተዋል (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር)። በ47 ቀን ልዩነት በእጅ የሚያድስ ሰው ካለ እግዜር ይርዳው።

«ቁልፍ ምልክት ያለው ሳይት ታማኝ ነው»

ሌባም ሰርተፊኬት ያወጣል። ክሮም በ2023 ቁልፏን ያነሳት ሰው ስላመናት ነው።

«ለጊዜው ቬሪፊኬሽኑን አጥፋው፣ ይሠራል»

እዚህ ጋ ቁጭ በሉ፤ ጽሑፉን ያስጀመረኝ ይሄ ነው። ቬሪፊኬሽን ማለት የሰርቨሩ ሰርተፊኬት እውነተኛ መሆኑን ማጣራት ነው።

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ድሮ አብሮኝ የሠራ ልጅ ነው።

«ብሮ፣ ተኝተሃል?»

«አሁን ነቅቻለሁ።»

«የክፍያው ኤፒአይ እምቢ አለ። ብሮውዘር ላይ ሳስገባው ይከፍታል። የፓይተን ኮዳችን ግን ሰርተፊኬት ምናምን ይላል። ኔትወርኩ ነው መሰለኝ።»

«ምናምኑን አንብብልኝ።»

ዝም አለ። የማውስ ድምፅ ይሰማኛል። ቀስ ብሎ አነበበ፤ «አንኤብል ቱ ጌት ሎካል ኢሹወር ሰርቲፊኬት»።

«አሁን ምን አድርገህ ነው የተውከው?»

«ለጊዜው ቬሪፋይን ፎልስ አድርጌ ፕሮዳክሽን ላይ ጭኜዋለሁ። ሠርቷል።»

ፕሮዳክሽን ማለት እውነተኛ ደንበኛ የሚገለገልበት ነው። እንቅልፌ ያኔ ጠፋ።

ሰርተፊኬት ብቻውን አይቆምም። የሰርቨሩን ሰርተፊኬት የፈረመ አንድ መካከለኛ አለ። መካከለኛውን ደግሞ የፈረመ ዋናው፣ ሩት የምንለው አለ። የእናንተ ማሽን የሚያውቀውና የሚያምነው ሩቱን ነው። ስለዚህ ሰርቨሩ የራሱንም የመካከለኛውንም አንድ ላይ መላክ አለበት። የራሱን ብቻ ከላከ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ኤረሩ ሲተረጎም «ይህን የፈረመው ሰው ማን እንደሆነ ላገኘው አልቻልኩም» ነው የሚለው። ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጎ ምን ይበላችሁ? ጃቫ ላይ ያው ችግር «ፒኬአይኤክስ ፓዝ ቢልዲንግ ፌይልድ» ተብሎ ይመጣል፤ ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ብዙ ጊዜ አንድ ነው።

ታዲያ ብሮውዘሩ ለምን ከፈተው? አዛኝ ስለሆነ ነው። ክሮም የጎደለውን መካከለኛ ሰርተፊኬቱ ላይ ከተጻፈው አድራሻ ራሱ ሄዶ ያወርዳል። ፋየርፎክስ መካከለኞቹን አስቀድሞ ሰብስቦ ይይዛል። ፓይተን፣ ጃቫና ሊኑክስ ላይ ያለው ከርል የሚባለው ትእዛዝ ግን በተለመደው አሠራራቸው ይህን አያደርጉም። የተሰጣቸውን ያያሉ፣ ጎዶሎ ከሆነ ጎዶሎ ነው ይላሉ። «ብሮውዘር ላይ ይከፍታል፣ ስለዚህ ሰርተፊኬቱ ደህና ነው» የሚለው ክርክር ገደል የሚገባው እዚህ ጋ ነው። እውነቱን የነገረን ፓይተኑ ነበር።

ኮምፒውተሬን ከፍቼ ኦፕንኤስኤስኤል በሚባል መሣሪያ ከሰርቨሩ ጋር ተገናኘሁና የሚልከውን ሰርተፊኬት በሙሉ እንዲያሳየኝ አዘዝኩት። አንድ ብቻ ወጣ። በማግስቱ ከወዲያኛው ድርጅት ባለሙያ ጋር ተነጋገርን። የዌብ ሰርቨር ፕሮግራማቸው ኢንጂንኤክስ ላይ ሙሉ ሰንሰለቱን የያዘውን «ፉልቼይን» የሚለውን ፋይል ማስገባት ሲገባው «ሰርት» የሚለውን ነበር ያስገባው። የሁለቱ ፋይሎች ስም ጎን ለጎን ነው የሚቀመጠው፣ የሚሳሳተው ብዙ ነው። አንድ መስመር ቀየረ፣ ሪሎድ አደረገ፣ አለቀ። እኛም ወገን ቬሪፊኬሽኑ ተመለሰ።

በዚያች ሌሊት ግን ምን ተደርጎ እንደነበር አስቡት። ቬሪፊኬሽን ሲጠፋ ምስጠራው አይጠፋም፤ ሰው የሚሸወደውም በዚህ ነው። ንግግሩ አሁንም ምስጢር ነው። ከማን ጋር እንደምትነጋገሩ ነው የማታውቁት። መሐል ላይ የተቀመጠ ሰው የራሱን ሰርተፊኬት አውጥቶ «ክፍያው እኔ ነኝ» ቢል ፕሮግራሙ «እሺ ጌታዬ» ብሎ የክፍያ ቁልፉን ያስረክበዋል። ብሩን በፖስታ አሽጋችሁ፣ በማስቲሽ አጣብቃችሁ፣ መንገድ ላይ ላገኛችሁት ሰው «ለእከሌ ስጥልኝ» እንደማለት ነው። ፖስታው መቼም በደንብ ታሽጓል።

«ለጊዜው» የምትለውን ቃልማ ተዉኝ። አንድ ጊዜ ሌሎች የጻፉትን ኮድ ተረክቤ ይህችን መስመር ሰባት ቦታ አገኘኋት። አንደኛዋ ጎን «ለጊዜው፣ 2010» የሚል ማስታወሻ አለ። እኔ ያገኘኋት በ2014 ዓ.ም. ነው። ፓይተን በየጥሪው «ኧረ ይሄ አደገኛ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ልጆቹ ማስጠንቀቂያውንም የሚያፍን መስመር ጨምረውበታል! ኖድ (የጃቫስክሪፕት ማስሮጫው) ላይ ደግሞ ይብሳል፤ በኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል፣ ከኮዱ ውጭ በሚሰጥ ቅንብር፣ ካጠፋችሁት የዚያ ፕሮግራም ጥሪ ሁሉ ነው የሚጠፋው፣ ከክፍያውም ከኢሜይሉም።

«የራሳችን የቢሮ ሰርተፊኬት ስለሆነ ነው» የምትሉ፣ መልሱ ቀላል ነው። የቢሮውን ሩት ሰርተፊኬት ፋይል ለፕሮግራሙ ስጡት። «ዊንዶውስ ላይ ጭኜዋለሁ እኮ» እንዳትሉኝ ብቻ። ጃቫ ብዙ ጊዜ የሚያየው የራሱን የእምነት መዝገብ ነው። የፓይተኑ ሪኩዌስትስ ሰርቲፋይ ከሚባል ጥቅል ነው የሚያነበው። ኖድም የራሱን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ተጨማሪ ፋይል ግን በቫሪያብል ይቀበላል። አንዱ ጋ የጫናችሁትን ሌላው ላያየው ይችላል።

«ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነው፣ ፍጥነት እንጨምር»

አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ርቀት ነው፣ ርቀትን ደግሞ በሜጋቢት አትገዙትም። ሰርቨሩ ውጭ አገር ሆኖ አንድ ደርሶ መልስ 200 ሚሊሰከንድ ይፈጃል እንበል። ቲሲፒ ለመክፈት አንድ ደርሶ መልስ፣ ለቲኤልኤስ 1.2 ሁለት፣ ለጥያቄው አንድ። 800 ሚሊሰከንድ ሆነ። ኮዳችሁ 30 ጥያቄ በተራ እየላከ ለእያንዳንዱ አዲስ ግንኙነት ከከፈተ 24 ሰከንድ ነው። ያንኑ አንድ ግንኙነት ይዞ ቢጠቀምበት ከሰባት ሰከንድ በታች ይጨርሳል። ፓይተን ላይ ይሄ ሴሽን የምትባል አንዲት ነገር መጠቀም ነው። ወደ ቲኤልኤስ 1.3 ብትሻገሩ ደግሞ ከመተዋወቂያው አንድ ደርሶ መልስ ይቀነስላችኋል።

«ቪፒኤን ሳበራ ይሠራል፣ ስለዚህ ዘግተውታል»

ሊሆን ይችላል። ግን ቪፒኤን ዲኤንኤሱንም መንገዱንም አብሮ ይቀይራል፤ የትኛው እንደፈታው አላወቃችሁም። በተቃራኒው ቪፒኤን ሲበራ ትንንሹ ነገር እየሠራ ከባዱ ገጽ ከተንጠለጠለ የፓኬት (መረጃው ተቆራርጦ የሚላክበት ጥቅል) መጠኑን እዩ። የተለመደው 1500 ባይት ነው፣ ዋየርጋርድ የሚባለው ቪፒኤን አብዛኛውን ጊዜ 1420 ይጠቀማል። የማያልፍ ትልቅ ፓኬት መንገድ ላይ ዝም ብሎ ይጠፋል፣ የሰርቨሩ ሰርተፊኬትም ትልቅ ስለሆነ ቲኤልኤሱ መሐል ላይ ይቀራል።

«ሰዓቱን ምን አገናኘው?»

ሁሉም ሰርተፊኬት «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን» ይላል። ቀኑን የሚያየው በእናንተ ማሽን ሰዓት ነው። እኛ አገር ደግሞ ይሄ ነገር የራሱ ጣጣ አለው።

ሰው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩን ይከፍትና ሰዓቱን 2፡00 ብሎ ይሞላዋል። ማሽኑ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ። አብዛኛው ሳይት ይከፈታል፣ ስለዚህ ማንም አይጠረጥርም። በዚያን ዕለት ጠዋት የታደሰ ሰርተፊኬት ሲያጋጥመው ግን «ገና አልጸደቀም» ብሎ ይቆማል። ሌትስ ኢንክሪፕት የመጀመሪያውን ቀን አንድ ሰዓት ያህል ወደ ኋላ አድርጎ ነው የሚጽፈው፣ ስድስት ሰዓት የዘገየን ማሽን ግን አያድነውም። ከዚያ ከሰዓት በኋላ በራሱ ይሠራል። ባለቤቱም «ጠዋት ኔትወርክ አልነበረም» ይላል።

ደብረ ብርሃን አንድ ፋርማሲ የገጠመኝ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። የመድኃኒት መመዝገቢያው ሦስት ቀን አልሠራም። ሁለት ጊዜ ራውተር ቀይረዋል። ማሽኑ አሮጌ ነው፣ የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቷል፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ይጠፋዋል። ፋርማሲስቱ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። መብራት ሲመጣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ካላንደር እያዩ ቀኑን ራሳቸው አስተካክለዋል፤ 2016። ለኮምፒውተሩ ያ ሰባት ዓመት ከምናምን ወደ ኋላ ነው። ዓለም ላይ ያለው የዌብሳይት ሰርተፊኬት በሙሉ ገና አልተወለደም።

ቀኑን በፈረንጆቹ አስተካክዬ ገጹን መልሼ ከፈትኩት። ገባ። ባትሪውንም ቀይሩት አልኳቸው፣ ዋጋው ትንሽ ነው። እሳቸው ግን ወደ ራውተሩ አረንጓዴ መብራት እያዩ ነበር።

«ተመስገን» አሉ፣ «ኔትወርኩ መጣ።»