ነገርን በምሳሌ፣ ጠጅን በብርሌ

ጠጅ በጣሳም ይጠጣል፤ የሚከለክል የለም። ብርሌ ግን ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ቀጭን ነው። ቢጫው በመስታወቱ እያበራ ገና ሳይቀመስ ዓይን ያጠግባል። እንደ ጣሳ አያስጋትም፤ ጥቂት ጥቂት እያለ ነው የሚለቀው። አባባሉም የመጣው ከዚሁ ከጠጅ ወግ ነው። ነገርም አንገት ይፈልጋል። ፊት ላይ ከደፉት ሰሚው ይቆጣል። በጥቂት በጥቂቱ ሲደርሰው ግን ራሱ ያጣጥመዋል።

"ምሳሌ" ከ"ብርሌ" ጋር ቤት ስለሚመታ ብዙ ሰው ለወሬ ማሳመሪያ ብቻ ያደርገዋል። ለሽምግልና ተቀምጦ አባባሉን ይጠራና፣ አንድም ምሳሌ ሳያመጣ ቀጥ ብሎ ወደ ስድቡ የሚገባ ስንቱ ነው! ለእኔ ግን የአባባሉ ዋና ቦታ ጌታ ፊት ነው። ንጉሥ በማይከሰስበት ቤት አቤቱታ እንዴት ይቀርባል?

ይህን ከሁሉ አሳምሮ ያደረገው ጠጅ ቀምሶ የማያውቅ ሰው ይመስለኛል፤ ኦስትሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ ዮዜፍ ሃይድን። የልዑል ኒኮላውስ ኤስተርሃዚ የሙዚቃ አለቃ ነበር። በ1772 (እ.ኤ.አ.) ልዑሉ ሃንጋሪ ውስጥ ባለው የበጋ ቤተ መንግሥቱ ከረመ። በጋው አልፎም ንቅንቅ አልል አለ። የአብዛኞቹ ሙዚቀኞች ሚስትና ልጆች አይዘንሽታት በምትባለው ከተማ ቀርተዋል፤ የአንድ ቀን መንገድ ያህል ነው። "ቤታችን ናፈቀን" ብሎ ማን ይድፈር? ሃይድንን ለመኑት። እሱም ሲምፎኒ፣ ማለትም ለሙሉ ኦርኬስትራ የሚሆን ረጅም ሙዚቃ ጻፈ፤ 45ኛውን።

አጀማመሩ ቁጡ ነው። የተጻፈበት ኤፍ ሻርፕ ማይነር በዚያ ዘመን ለሲምፎኒ እምብዛም የማይነካ ቅኝት ነበር። ሆርን የሚባለውን ጥምዝ መለከት የሚነፉት ተጫዋቾች እንዲደርሱበት መሣሪያቸው ላይ የሚገጠም ልዩ ቱቦ ማሠራት አስፈልጓል።

ወደ መጨረሻው ሙዚቃው ይጋልብ ይጋልብና ድንገት ቀጥ ይላል። አለቀ ሲባል ለስለስ ያለ፣ ዝግ ያለ ዜማ ይነሣል። እንደ ዋሽንት የሚነፋው አንደኛው ኦቦና ሁለተኛው ሆርን ድርሻቸውን ተጫወቱ። ሻማቸውን እፍ አሉ። መሣሪያቸውን ይዘው ወጡ። ባሱኑ ተከተለ። ደብል ባሱ ብቻውን ረዘም አድርጎ ተጫወተና እሱም ሄደ። ከዚያ ቼሎው፣ ቫዮሊኖቹ፣ ቪዮላው። አዳራሹ በየሻማው እየጨለመ ነው። በመጨረሻ ሁለት ቫዮሊን ብቻ ቀረ፤ ሃይድን ራሱና የቫዮሊኖቹ መሪ ቶማሲኒ። ድምፃቸው ታፍኗል፤ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ።

አንድ ሰው ቃል አልተነፈሰም። ስለዚህ የሚቀጣም የለም። ልዑሉም ተለምኖ ሳይሆን ራሱ ገብቶት ነው የሚነሣው፤ ክብሩ አልተነካም። ሃይድን በእርጅናው እንዳጫወተው፣ በማግስቱ ጓዝ ተጭኖ ጉዞ ወደ አይዘንሽታት ሆነ።