«ሥራ ፈታህ እንዴ?»፦ ስለ ገንዘብ ነፃነት የሚወራውና እውነታው

በዲሴምበር 2021 ሥራዬን ለቀቅኩ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው።) 53 ዓመቴ ነበር። አሜሪካ 26 ዓመት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ዲሲ ፓርኪንግ፣ ከዚያ እየተማርኩ ሌሊት ሌሊት ሱቅ፣ በመጨረሻ ሆስፒታል ላብራቶሪ። አልተባረርኩም። አልታመምኩም። ሎተሪም አልደረሰኝም። እኔና ባለቤቴ ያጠራቀምነው ገንዘብ የቤታችንን ወጪ መሸፈን ስለቻለ ነው ያቆምኩት። የገንዘብ ነፃነት የሚሉት ይህንን ነው።

ለእናቴ አዲስ አበባ ደውዬ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ምነው ልጄ፣ ምን አጥፍተህ ነው?» አለችኝ። ግማሽ ሰዓት አስረዳኋት። በማግስቱ እህቴ ደወለች። «እማዬ ለቁልቢ ተስላለች። ሥራ ካገኘህ ጃንጥላ ልታስገባ ነው» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ በየለቅሶው፣ በየሰርጉ ይህ ወሬ ይነሳል። ከሚባለው ግማሹ ልክ አይደለም። እኔም ራሴ ከማቆሜ በፊት አምኜው የነበረ አለበት።

«ገንዘቡ ከሞላ በኋላ ማስላት ይቀራል»

እንዲያውም ማስላት የሚጀመረው ያኔ ነው። ደመወዝ እያለ ብትሳሳትም የሚቀጥለው ወር ይክስሃል። ደመወዝ ሲቀር ስህተቱ ካንተ ጋር ይኖራል።

ብዙ ሰው የሚያውቀው የ4 በመቶውን ሕግ ነው። ዊሊያም ቤንገን የሚባል የካሊፎርኒያ የገንዘብ አማካሪ በ1994 ያወጣው ነው። ከ1926 ጀምሮ ያለውን የአሜሪካ አክሲዮንና ቦንድ ታሪክ ይዞ አሰላ። በመጀመሪያው ዓመት ካጠራቀምከው 4 በመቶ ታወጣለህ፣ ከዚያ በየዓመቱ የኑሮ ውድነቱን ያህል ትጨምራለህ። እንዲህ ብታደርግ ገንዘቡ 30 ዓመት ይቆያል አለ። «የዓመት ወጪህ 25 እጥፍ ይኑርህ» የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። በዓመት 40,000 ዶላር የሚበቃው ሰው 1 ሚሊዮን ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ግን ሒሳቡ ለ30 ዓመት ነው። በ53 ያቆመ ሰው በ83 ገንዘቡ ሊያልቅበት ይችላል፣ ዕድሜው ግን ላያልቅ ይችላል። ስለዚህ ቀድመው የሚያቆሙ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከ4 በታች ያወጣሉ። ቤንገን ራሱ በኋላ ቁጥሩን ከፍ አድርጎታል፤ እኔ ግን አልተከተልኩትም፣ ፈሪ ነኝ።

ፍርሃቴም ምክንያት አለው። እኔ ባቆምኩ በወሩ 2022 ገባ። የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች አክሲዮን በዚያ ዓመት 19 በመቶ ገደማ ወረደ። ቦንድ ያድናል ሲባል ቦንዱም አብሮ ወረደ። የዋጋ ንረቱ በሰኔ 9.1 በመቶ ደረሰ። አደገኛው ነገር ገበያ መውረዱ አይደለም፣ ሲወርድ አይተናል። አደገኛው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መውረዱ ነው። በረከሰ ዋጋ ሸጠህ የበላኸው አክሲዮን ገበያው ሲያገግም አብሮ አይነሳም። የዘር እህል እንደ መብላት ነው። እኛን ያወጣን የሁለት ዓመት ወጪ ቁጠባ ሒሳብ ውስጥ በካሽ መያዛችን ነበር። መኪናዋንም ሳንቀይር ቀረን። አሁንም አልተቀየረችም።

«የጡረታው ገንዘብ እስከ 59 ዓመት ተኩል አይነካም»

ይነካል፣ መንገዱን ማወቅ ነው። ከ401ኬ (በመሥሪያ ቤት በኩል ከሚጠራቀመው የጡረታ ሒሳብ) ቀድሞ ማውጣት 10 በመቶ ቅጣት አለው የሚለው እውነት ነው። ግን 55 በሚሞላህ ዓመት ወይም ከዚያ በኋላ ሥራ ከለቀቅክ፣ ከዚያው መሥሪያ ቤት 401ኬ ያለ ቅጣት ታወጣለህ። ገንዘቡን ወደ አይአርኤ፣ ራስህ ወደምትከፍተው የጡረታ ሒሳብ፣ ካዛወርከው ግን ይህ መብት ይቀራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል። ሮት አይአርኤ (ግብሩ ቀድሞ የተከፈለበት ገንዘብ የሚገባበት ዓይነት) ውስጥ ራስህ ያስገባኸውን ዋናውን ገንዘብ ደግሞ በፈለግክ ጊዜ ትወስዳለህ፤ ትርፉን ነው የማትነካው።

እኔ በ53 ስለወጣሁ የ55ቱ ሕግ አልደረሰልኝም። የምንኖረው ከጡረታ ሒሳብ ውጭ በገዛነው ኢንዴክስ ፈንድ፣ ማለትም የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድ ላይ በሚይዝ ፈንድ ነው።

«ለኢንሹራንስ ሲባል እስከ 65 መሥራት ነው»

65 የሚባለው ሜዲኬር፣ የመንግሥቱ የአረጋውያን ጤና ኢንሹራንስ፣ ያኔ ስለሚጀምር ነው። ከ2014 በፊት ቢሆን እስማማለሁ። ኦባማኬር የሚባለው የጤና ኢንሹራንስ ሕግ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ኢንሹራንስ ከግዛቱ የኢንሹራንስ ገበያ በራስ ይገዛል። እኛ ሜሪላንድ ነን፣ ከሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን ነው የገዛነው። የሥራ ቦታ ኢንሹራንስ ሲቋረጥ ለመመዝገብ 60 ቀን አለህ።

የማይነገረው ይህ ነው፦ የምትከፍለው በሀብትህ ሳይሆን በዓመት ገቢህ ይወሰናል። ከቁጠባ ሒሳብ ያወጣኸው ገንዘብ ገቢ አይባልም። ከ401ኬ ያወጣኸው ይባላል። ስለዚህ በየኅዳሩ ቁጭ ብለን የሚቀጥለው ዓመት ገቢያችን ስንት «ይሁን» ብለን እንወስናለን። ዕድሜ ልኬን ገቢዬ እንዲጨምር ስጸልይ የኖርኩት ሰውዬ፣ አሁን እንዳይበዛ እጠነቀቃለሁ።

«ቀድመህ ካቆምክ ሶሻል ሴኩሪቲህ ይቃጠላል»

ሶሻል ሴኩሪቲ፣ የመንግሥቱ ጡረታ፣ አይቃጠልም። 40 ነጥብ፣ ማለትም 10 ዓመት ገደማ ከሠራህ መብቱ ያንተ ነው። ግን ይቀንሳል። ስሌቱ ከፍተኛ ደመወዝ ያገኘህባቸውን 35 ዓመታት ይወስዳል። ያልሠራህበት ዓመት ዜሮ ሆኖ ይገባል። እዚህ የተወለደ ሰው በ53 ቢያቆም 35 ዓመት ሊኖረው ይችላል። እኔ በ27 ዓመቴ ነው የመጣሁት። 26 ዓመት ሠርቼ 9 ዜሮ አለኝ። የስደተኛ ሒሳብ ሁሌም ዘግይቶ ነው የሚጀምረው።

በ1960 እና ከዚያ በኋላ ለተወለደ ሙሉው የሚከፈለው በ67 ነው። በ62 የጀመረ 30 በመቶ ይቀነስበታል፣ እስከ መጨረሻው።

«አሁንማ ሀብታም ሆነ»

ይህ ወሬ አገር ቤት ከመድረሱ በፊት የሜሪላንዷን ሲልቨር ስፕሪንግ ዞረ። እውነታው የምናወጣው ገንዘብ ከቀድሞ ደመወዛችን ያንሳል። ለዘመድ የምንልከውን በዓመት አንድ ጊዜ ቆርጠን እናስቀምጣለን፤ ሲያልቅ አለቀ። ይህን ለማለት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ተቃራኒው ደግሞ ዕቁብ ላይ ገጠመኝ። 18 ዓመት የጣልኩበት ዕቁብ ነው። አንድም ቀን አላጓደልኩም። አዲሱ ዙር ሲጀመር ዳኛው ጉሮሮውን ጠራረገና «እንግዲህ ወንድማችን ደመወዝ ስለሌለህ፣ ዋስ ብታቀርብ» አለኝ። አንደኛው ቡድን ሚሊየነር ነው ይለኛል፣ ሌላኛው ዋስ አምጣ ይለኛል። ዋስ አቀረብኩ። ዋሴ ሦስት ክሬዲት ካርድ ዕዳ ያለበት ጓደኛዬ ነው፤ ግን ሥራ አለው።

«የመጀመሪያው ሰኞ ገነት ነው»

የመጀመሪያው ሰኞ ሌሊት በአሥር ሰዓት ተኩል ነቃሁ። ባጄን ፈለግኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ። ቡና አፍልቼ መስኮት ላይ ተቀመጥኩ፣ በረዶ ይጥል ነበር። ደስ አለኝ። ሦስት ሳምንት ደስ አለኝ።

በአራተኛው ሳምንት ቅመማ ቅመሙን መደርደር ጀመርኩ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ፣ ሁሉም ላይ ስምና የተከፈተበትን ቀን ለጠፍኩ። ባለቤቴ ያኔ ሌሊት ስለምትሠራ ቀን ቤት ናት። ተነስታ አየችውና «ይሄ እኮ ላብራቶሪ አይደለም» አለችኝ። ተጣላን። በትዳራችን እንደዚያ ሰሞን ተጣልተን አናውቅም።

በኋላ ነው የገባኝ። የጎደለኝ ሥራው አልነበረም። ሥራውንማ ጠልቼው ነው የወጣሁት። ሆስፒታል እያለሁ ሐኪሙ ውጤቴን ይጠብቃል፣ በሽተኛው ይጠብቃል። ቤት ስሆን ከእኔ ምንም የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ይህንን የትኛውም የ25 እጥፍ ሒሳብ ውስጥ አላየሁትም።

«ጊዜህ ያንተ ነው»

የሚጠብቀኝ ሰው የለም ባልኩ በወሩ መጠበቁን ጀመሩ።

«አንተ እኮ ቤት ነህ» ማለት በእኛ ማኅበረሰብ ትርጉሙ «መኪናህን አስነሳ» ነው። የአንዱ እናት በጠዋቱ በረራ ዳለስ አየር ማረፊያ ይገባሉ። የሌላው ወንድም ባልቲሞር የኢሚግሬሽን ቀጠሮ አለው። ሶፋ የሚያነሳ ሰው ጠፋ። ለቅሶ ቤት ቀን ቀን የሚቀመጥ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ዓመት ዳለስ 41 ጊዜ ሄጃለሁ። ቆጥሬዋለሁ፣ ላብራቶሪ ነው ያደግኩት።

ክፋት አይደለም። እኛ ዘንድ የሰው ጊዜ ጌታው አለቃው ነው። «ዛሬ ሥራ ነኝ» ሲባል ሁሉም ያከብራል። አለቃ ከሌለህ ጊዜህ የጋራ ነው፣ እንደ ሜዳ ሣር። «ማንበብ ፈልጌ ነው» ብለህ እምቢ ብትል ቅያሜ ነው። አንድ ቀን በእግር ልሄድ ስለሆነ አልችልም አልኩ። እስካሁን ይነሳብኛል።

«አገር ቤት ገብተህ በኪራይ ትኖራለህ»

ይህን ህልም ያላለመ የእኔ ዕድሜ ሰው አላውቅም። ሁለት ክፍል ሰርቪስ፣ ፎቁ ለተከራይ፣ ጠዋት ማኪያቶ።

አንደኛ፣ ኪራይ ሥራ ነው። ውሃ ይጠፋል፣ ታንከር ያፈሳል፣ ጥበቃው ይጠፋል። ሁለተኛ፣ ሕጉ ተቀይሯል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብና ከ2 ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ጭማሪውም መንግሥት በየዓመቱ በሚያወጣው መጠን እንጂ አከራዩ በፈለገው አይደለም። ለተከራይ ጥሩ ነው። በኪራይ ልኑር ላለ ሰው ግን ሒሳቡን ይለውጠዋል። ሦስተኛ፣ ብሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። ኪራዩን በብር የሚቀበል፣ የልጁን ትምህርት ቤት አሜሪካ በዶላር የሚከፍል ጓደኛ አለኝ። ያን ሰሞን ድምፁ ተቀይሮ ነበር።

አራተኛውን ሰው አያስበውም። ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ በአብዛኛው አይከፍልም። ሶሻል ሴኩሪቲህ አዲስ አበባ ይከተልሃል፣ ኢንሹራንስህ ግን አይከተልህም። እኛ ለጊዜው በዓመት ሁለት ወር እንሄዳለን። የምንሄደው በክረምት ነው፣ ዝናቡ ለምን እንደናፈቀኝ አትጠይቁኝ።

«ተመልሰህ ከሠራህ አልተሳካልህም»

ባለፈው ዓመት ሥራ ጀመርኩ። በስልክ አስተርጓሚ ነኝ። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት መሥሪያ ቤቶቿ አማርኛ ተናጋሪን በቋንቋው ያስተናግዳሉ። ሆስፒታሉም ፍርድ ቤቱም አስተርጓሚ ይፈልጋል። ማክሰኞና ሐሙስ፣ በአበሻ ሰዓት ከጠዋቱ ሦስት እስከ ሰባት። ከሶሻል ሴኩሪቲ ዜሮዎቼ አንዱን ሞላሁ፤ ትንሽ ደመወዝ ቢሆንም ከዜሮ ይሻላል። ባንፈልገውም እንኖራለን። ልዩነቱ እሱ ነው። አንድ ተቆጣጣሪ ቅዳሜም እንድሠራ ሲጫነኝ «አይሆንም» አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። በ26 ዓመት ውስጥ እንዲህ ብዬ አላውቅም።

የዳለሱም ነገር መስመር ያዘ። አሁን «ማክሰኞ ሥራ አለኝ» እላለሁ። ረቡዕም እንደዚያ እላለሁ፣ ማን ያጣራል?

ለእናቴ ደውዬ ሥራ መጀመሬን ስነግራት እልልታዋን አቀለጠችው። «አላልኩህም?» አለች። በሳምንት ስምንት ሰዓት መሆኑን አልነገርኳትም። ታኅሣሥ 19 ጃንጥላው ቁልቢ ገባ።